ዳማን የሚያስተኛው ቃል

ድሬ ዳዋ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለበዛብህ፤

እንዴት ከርመሃል? ከድሬ ሙቀት ለእኛ በዝቶ የተረፈው ወደ ጅቡቲ እንደሚወርድ ስለማውቅ፣ ገብርኤል ጥላውን ይዘርጋልህ እያልኩ ነው የማድረው። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ።

የአጎትህን የወልደጻድቅን ነገር ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማ። ባለፈው ሰኔ አብዮታዊ ምሕረት ተደርጎለት፣ ከአሥራ አንድ ወር እስራት በኋላ ቤቱ ገብቷል። ከገባ ጀምሮ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሐኪም አይቶት ምላሱም ጉሮሮውም ጤነኛ ነው አለ። የለቀቁትም ሰዎች "አንደበቱ ሲመለስ የምንጠይቀው ይቀረናል" ብለው ነው የለቀቁት። ስለዚህ የቀበሌያችን ሰዎች በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጤናውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ሊቀመንበሩ ጓድ ኢድል፣ ጸሐፊውና አንድ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ናቸው። ኢድልን ታውቀዋለህ፣ መጋላ ሰፈር ብስክሌት ያከራይ የነበረው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እሱም የሚፈራው አለው።

አሁን የጻፍኩልህ ስለ ውሻ ነው። አትሳቅ።

አጎትህ በባቡር ዲፖው ሥራ ላይ ሳለ አለቃው የነበረው ፈረንሳዊው ሙሴ ፊሊክስ መስከረም መጨረሻ ላይ አገር ለቆ ሲሄድ ውሻውን መውሰድ አልቻለም። የቤቱ ወጥ ቤት የነበረችው ሃሊሞ በገመድ እየጎተተች ደጄ ድረስ አመጣችው። "ማዘንጊያ፣ ለእኛ ሐራም ባይሆን እኔው እወስደው ነበር፣ ወላሂ። ሜዳ ላይ እንዳይቀር አንቺ ያዢው" አለችኝ። ትልቅ፣ ዳማ መልክ ያለው ነው። ስሙ ባሮን ነበር። ጓድ ኢድል ከሰው ሰምቶ የመሳፍንት ስም ነው ቀይሩ ስላለን ዳማ አልነው።

በዛብህ ልጄ፣ ይህ ውሻ በገባ በሦስተኛው ቀን አጎትህ ከአልጋው ተነሣ። ከዚያ በፊት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚውለው። አሁን ጠዋት ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ይቀመጣል፣ እጁን የውሻው ራስ ላይ ያደርጋል። ዳማ ካልበላ አይበላም፣ ዳማ ከበላ ይበላል። ባሌን ግማሹን የመለሰልኝ ይህ ውሻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ግን፣ ውሻው ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ፣ ጓድ ኢድልና ሰዎቹ ገና ከበሩ ሲገቡ ዘለለባቸው። የጥበቃውን ሱሪ ከጉልበት በታች ቀደደው። "ሁለተኛ ከደገመ በጥይት ነው" ብለው ሄዱ። ያን ውሻ ከገደሉት አጎትህ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም።

አንተ እዚያ ከፈረንጅ ጋር ትውላለህ፣ ፈረንጅ ደግሞ የውሻ ነገር ያውቃል። እንግዳ ሲመጣ የሚረጋጋበትን ዘዴ ጠይቀህ ቶሎ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ለገናም ና።

እትዬህ ማዘንጊያ


ጅቡቲ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ማዘንጊያ፤

ጉልበትዎን እግዚአብሔር እንደ ድሮው ያድርግልዎ፣ ከመጋላ እስከ ከዚራ ዘምቢል ተሸክመው እኔን በሩጫ እንደሚቀድሙኝ ዘመን። ከአንድ ዓመት በኋላ የደረሰኝ የመጀመሪያ ደብዳቤዎ ስለ ውሻ በመሆኑ እንደ ቀናሁ ይወቁልኝ። አራት ዓመት ቤትዎ ተቀምጬ ስማር ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ተጨንቀው አያውቁም።

የጋሼን ነገር ሳነብ ብዙ ቆየሁ። ስለ ውሻው ልጻፍልዎ።

ከቢሮዬ አጠገብ የወታደር ውሾች የሚያሠለጥን ፈረንሳዊ አለ። ዳማን በዝርዝር ነገርኩት። "ውሻው ክፉ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ቤቱንም፣ ጌታውንም፣ ስሙንም በአንድ ወር ውስጥ ያጣ ነው" አለኝ። እትዬ፣ ይህን ሲል ስለ ውሻ ብቻ የሚያወራ አልመሰለኝም።

በመጀመሪያ የራሱ ቦታ ይስጡት፤ አሮጌ ብርድ ልብስ ከበሩ ራቅ አድርገው ያንጥፉና አጥንቱን እዚያ ብቻ ይብላ። ከዚያ የሚያውቃትን እንግዳ፣ ለምሳሌ ሃሊሞን፣ ብቻዋን ይጥሩ። ስትገባ ዓይን ዓይኑን አትየው፣ ራሱንም ልዳብስ አትበል፤ ጎኗን ሰጥታ ትቀመጥ። ውሻው አፉን ከመክፈቱ በፊት አጥንቱ ብርድ ልብሱ ላይ ይውደቅ። እንግዳዋ ስትሄድ አጥንቱም ይነሣ። እንግዳ ማለት አጥንት ማለት እንደሆነ ልቡ እስኪያምን ይደጋግሙት። ደግሞ ሲጮህ አይጩሁበት፤ አብረውት የሚጮሁ ነው የሚመስለው። ይህችኛዋ ለእርስዎ እንደምትከብድ አውቃለሁ።

ለገና ስለመምጣቴ ሥራው በዝቷል። ፈቃድ መስጠታቸውን እንጃ። እንነጋገርበታለን።

ልጅዎ በዛብህ


ድሬ ዳዋ፣ ኅዳር 11 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለልጄ ለበዛብህ፤

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ። ያ ፈረንሳዊ ውሻ አዋቂ ነው፣ እናቱ ትባረክ። ያለውን ሁሉ አደረግሁ። የአጎትህን አሮጌ የባቡር ብርድ ልብስ ከዛፉ ሥር አነጠፍኩ። ሃሊሞ በየቀኑ በር ላይ "ሆዲ! ሆዲ!" ብላ ትጣራና የግመል አጥንት ከሩቅ ወርውራ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች። በአምስተኛው ቀን ጭራውን ቆላላት። "ይሄ ውሻ ከኔ ባል ይሻላል አቦ፤ አጥንት ሲያገኝ ዝም ይላል። የኔው በልቶም አይተኛም!" ብላ አሳቀችኝ። ቀጥሎ ጨርቅ ነጋዴዋን ሰምሰምን ጠራኋት። እሷ ውሻ ስታይ የምትጮህ ናት፤ እሷንም ዝም አላት። እኔም እንዳልከኝ አልጮህኩበትም፣ ለአሥራ አምስት ቀን ምላሴን ነክሼ።

ባለፈው ቅዳሜ ጓድ ኢድል ከሰዎቹ ጋር መጣ። ዳማ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝቶ አጥንቱን ያኝካል። በዛብህ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ባጠገቡ አለፈ፣ ቀና ብሎም አላየው። ጓድ ኢድል ራሱ "ጎሽ፣ ሰው ሆኗል" አለ። ደስታዬን አትጠይቀኝ። ከዚያ ጸሐፊው ደብተሩን ገለጠና "ጓድ ሊቀመንበር፣ እንጀምር?" አለ።

አጥንቱን ጥሎ ነው የተነሣው። ጸሐፊውን ክንዱ ላይ ያዘው። ጥበቃው ጠመንጃውን አነሣ፣ አጎትህም ወደ ውሻው ሄዶ አንገቱን አቀፈው። እሱን ካልገደሉት በቀር ውሻውን መምታት እንዳይችሉ አድርጎ ያዘው። ሁሉም ቆሙ።

ጸሐፊው ደሙን እየጠረገ "ይህ ውሻ ቃሉን ሲሰማ ነው የተነሣው። ሰው አስተምሮታል" አለ። ጓድ ኢድል አጎትህን አየው። ከዚያ ለእኔ እንዲህ አለኝ፦ "እትዬ ማዘንጊያ፣ እኔ ለፖለቲካ ትምህርት አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ከጥምቀት በኋላ ስመለስ ይህችን ቃል እዚሁ ደጅ ላይ እናስጠራለን። ውሻው ከተነሣ ይገደላል። ማን እንዳስተማረውም እንጠይቃለን።" ማንን እንደሚጠይቁ ግልጽ ነው። በቤቱ እኔና አጎትህ ብቻ ነን።

ሲሄዱ አላመንኩም። ሬዲዮኑን ከጓዳ ወደ በረንዳ አውጥቼ ከፈትኩት። ዜና አንባቢው ያችን ከስም በፊት የምንላትን ቃል ሲጠራ ዳማ ጸጉሩ ቆሞ ሬዲዮኑ ላይ አጉረመረመ። "ጓድ" አልኩት እኔም ቀስ ብዬ፤ ጥርሱን አሳየኝ። ሌላ ሰው ሌላ ነገር ይበለው፣ ደንታ የለውም። ይህች ቃል ብቻ ናት።

ማን እንዲህ እንዳደረገው አላውቅም። እኛ አይደለንም፣ እመ አምላክ ምስክሬ ናት። አሁን ቤቴ ውስጥ ሬዲዮን ብከፍት ውሻው ያብዳል፣ ብዘጋው ጎረቤት ለምን ዘጋች ይላል። መላ ፈልግልኝ። ጥምቀት ሩቅ አይደለም።

እትዬህ ማዘንጊያ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ማዘንጊያ፤

ለጋሼም ለእርስዎም ጤናና ብርታት እየተመኘሁ፣ ወደ ነገሬ ልግባ። ደብዳቤዎን ሁለቴ አንብቤ በሦስተኛው ሳቅሁ፣ ከዚያ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። እንቆቅልሹ ተፈትቷል።

ሙሴ ፊሊክስ እዚሁ ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ከእህታቸው ጋር መርከብ እየጠበቁ ነው። ሄጄ አገኘኋቸው። ውሻው በሕይወት አለ ስላቸው አለቀሱ። አዲሱን ስሙን ጠይቀውኝ "ዳማ፣ ዳማ" እያሉ ተለማመዱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሴው ውሻውን ሲያሠለጥኑት፣ ሌባ ሲመጣ "ጠብቅ" የሚሉት በራሳቸው ቋንቋ ነበር። ቃሉም ■■■■ ነው። ፈረንሳዮች መሐሉ ላይ ያለውን ፊደል ጉሮሯቸው ውስጥ ስለሚውጡት፣ ለውሻ ጆሮ እናንተ ከስም በፊት ከምትሏት ቃል አይለይም። ስለዚህ ዳማ ያች ቃል በተጠራች ቁጥር ትእዛዝ የመጣለት እየመሰለው ነው። ሰው ጠልቶ አይደለም፣ የታዘዘውን እየሠራ ነው። ከእናንተ ማንም አላስተማረውም። ይህን ለጓድ ኢድል ይንገሩት።

መልሶ የሚያስተኛው ቃልም አለ። እሱም ■■■■ ነው። ሲነሣ ሳይጮሁ፣ ረጋ ብለው ■■■■ ይበሉት። ሙሴው እንዳሉኝ ይህችን ቃል ከሰማ ጥይት ቢተኮስም አይነሣም። ቃሏ ለባቡር ሰው ቤት እንግዳ አይደለችም፣ ■■■■■■■■■■■■■■■■።

እፎይ አልኩ። እርስዎም እፎይ ይበሉ።

ልጅዎ በዛብህ


ድሬ ዳዋ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.

በዛብህ፤

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፣ ቅር አይበልህ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ካንተ የሚያስፈልጉኝ ሁለት ቃላት ነበሩ፤ ሁለቱም በጥቁር ቀለም ተሰርዘዋል። ማን እንደሰረዛቸው አልጠይቅም፣ የባዕድ ቃል አይተው ይሆናል። ወረቀቱን በፀሐይ አየሁት፣ ከጀርባው አየሁት፣ በጣቴ ዳሰስኩት። ከሰላምታህ አንድ ፊደል አልነኩም። የሚፈለገው ብቻ ተመርጦ ጠፋ።

ሃሊሞን ሙሴው ውሻውን ሲያስተኛው ምን ይል ነበር ብዬ ጠየቅኋት። "እኔ ማድ ቤት፣ ውሻው ግቢ። ልብሴን እንዳይነካ ሲያስሩት እንጂ ሲያወሩት መች ሰማሁ" አለች። ለጸሐፊውም ነገሩን እንዳስረዳኸኝ አስረዳሁት። "ታዲያ የአድኃሪ ቋንቋ ነዋ የተማረው" አለኝ። እንግዲህ ሰዎቹን ቤቴ ስትመጡ ያችን ቃል አትጥሩ ልበላቸው?

ያልሞከርኩት የለም። ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወተፍኩ፣ አራግፎ ጣለው። አሰርኩት፤ አጎትህ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠና እስክፈታው ድረስ አልተነሣም። በመጨረሻ ጨክኜ ሐርላ ዘመዶቻችን ዘንድ በጋሪ ላክሁት። በዛብህ፣ አጎትህ ሦስት ቀን ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ ዋለ፤ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ሰዎች ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ወደ ሐርላ አቅጣጫ ሲሄድ አግኝተው መለሱልኝ። ውሻውን አስመጣሁት። ሁለቱም በሉ።

ጓድ ኢድል ጥር 17 ይመጣል ተብሏል። በሰው እጅ ላክልኝ አልልህም፤ ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ ኪስ ሁሉ ይፈተሻል፣ ደብዳቤ የተገኘበት ሰው የት እንደሚገባ ቤቴ ያውቀዋል። በፈለግኸው መንገድ ይሁን፣ ያችን ቃል አድርስልኝ። ለምኜህ አላውቅም። አሁን ግን እለምንሃለሁ።

ማዘንጊያ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ማዘንጊያ፤

የገናው ጌታ ከቤትዎ አይራቅ። የባዕድ ቃል መጻፌ ጥፋት ነበር፣ ሁለተኛ አልጽፍም። ይልቅ ስለ ድሮ ላጫውትዎ።

እሑድ እሑድ ትዝ ይልዎታል? እርስዎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጋሼ በዚያ ባለ መስመር ፒጃማቸው በረንዳው ላይ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ይቀመጡ ነበር። "ዛሬ ዲፖ አትገባም እንዴ?" ይሏቸዋል፣ እያወቁ። እሳቸውም ዓይናቸውን ሳይገልጡ በአንዲት ቃል ይመልሱልዎታል። እኔ ያችን ቃል ሰምቼ የቤት ሥራዬን ጥዬ እሮጥ ነበር፤ የባቡር ሰው ሁሉ ያርፍባት የነበረች ቃል ናት።

ያስታወሷት እንደሆነ፣ ዳማም ያስታውሳታል።

ልጅዎ በዛብህ


ድሬ ዳዋ፣ ጥር 21 ቀን 1972 ዓ.ም.

በዛብህ ልጄ፤

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። ከአጎትህ ጋር ዲፖ የሠራው ዋበሪ በምሳ ዕቃው ክዳን ሥር ይዞልኛል። እኔ አልጠየቅሁትም፤ ራሱ መጥቶ "ስጪኝ እትዬ፣ እኔ ለጋሽ ወልደጻድቅ ዕዳ አለብኝ" አለ። የምን ዕዳ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ አሁን ያሰኘኝን እጽፋለሁ።

ያ የመጨረሻው ደብዳቤህ በጥምቀት ማግስት ደረሰኝ፤ አንድም ፊደል አልተነካም። ከዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ ለአጎትህ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ፒጃማው ጋ ስደርስ ሳቅሁ። በርጩማው ጋ ስደርስ አለቀስኩ። "ረፖ!" አልኩ። "ረፖ ነኝ" ነበር የሚለኝ፣ ዕረፍት ላይ ነኝ ለማለት፣ ስንፍናውን በፈረንሳይኛ አሽሞንሙኖ። አጎትህን አየሁት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም።

"ጓድ" ብዬ ዳማን አስነሣሁና "ረፖ" አልኩት። እንደ እብድ አየኝ። በቀጭኑ አልኩት፣ በወፍራሙ አልኩት፣ ለመንኩት። የለመደው የወንድ ድምፅ ነው መሰለኝ፣ ለእኔ አልታዘዘም። አምስት ቀን ሙሉ "ረፖ፣ ረፖ" ስል ዋልኩ። ሃሊሞ "ኸረ አቦ ማዘንጊያ፣ አንቺም እንደ ውሻው እንዳታብጂ" አለችኝ። አጎትህ ይህን ሁሉ ተቀምጦ ያይ ነበር።

ቅዳሜ ጥር 17 መጡ። ጓድ ኢድል ከስቷል። በሩ ላይ ቆሞ ለጸሐፊው ጥራ አለው። ጸሐፊው ክንዱን ደብቆ "ጓድ!" ብሎ ጮኸ። ዳማ ተነሣ። እኔ "ረፖ! ረፖ!" እያልኩ መሐል ገባሁ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ባጠገቤ አለፈ። ጥበቃው ጠመንጃውን አቀባበለ። ያን ጊዜ ከኋላዬ፣ ከዛፉ ሥር፣ አጎትህ "ረፖ" አለ።

አልጮኸም። ልክ እንደ እሑዱ ነው የተናገረው። ድምፁ ዝጎ ነበር፣ ግን የእሱ ድምፅ ነበር። በዛብህ፣ ያን ድምፅ ከሰማሁ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኝ ነበር። ውሻው ባለበት ተኛ፤ አገጩን መሬት ላይ አድርጎ ዝም አለ። ጸሐፊው ሁለቴ ሦስቴ "ጓድ! ጓድ!" አለ። ጆሮውን እንኳ አላቆመም።

ጓድ ኢድል ያልሰማ ለመምሰል ሞከረ፣ እግዜር ይይለት። ፊቱን አዙሮ "በቃ፣ ውሻው ደህና ነው፣ እንሂድ" አለ። ጸሐፊው ግን ደብተሩን ገልጦ እየጻፈ ነበር። "አንደበቱ ተመልሷል፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለው። ኢድል ከዚያ ወዲያ ምን ሊያደርግ ይችላል? ጫማውን እንዲያደርግ ፈቀዱለት። እኔ የጫማውን ክር ሳስር አጎትህ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ሌላ ቃል ግን አልተናገረም። ወሰዱት።

አሁን የማላውቀውን ልንገርህ። ምላሱ እውነት ተይዞ ነበር ወይስ ዝም ብሎ ነበር? ተይዞ ከነበረ፣ ያ ውሻ ታስሮበት የነበረውን ፈታለት እላለሁ። ዝም ብሎ ከነበረ ግን፣ ያን ዲፖ ውስጥ በድብቅ የተደረገ ስብሰባና እዚያ የነበራችሁትን ሰዎች ስም ላለመጥራት አሥራ ስምንት ወር ምላሱን የቀበረ ሰው ለውሻ ብሎ ከፈተው። ለውሻም አይደለም። እኔ ጥይቱና ውሻው መሐል ቆሜ ነበር። ቃሉን የላክህልኝ አንተ ነህ፣ ጮክ ብዬ ያነበብኩለት ደግሞ እኔ። እኔ ነኝ አፉን ያስከፈትኩት።

ና ያልኩህን ተወው። አትምጣ።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ዳማ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ አልቆመም። ሊጠጣና ሊሸና ሆዱን መሬት ላይ እየጎተተ ይሄዳል፣ ተመልሶ አጎትህ ያስተኛው ቦታ ላይ ይተኛል። ማንም ቢገባ ቀና አይልም፤ ሰምሰም ብትረግጠውም ዝም ነው። እንግዳ ሲመጣ ይረጋጋልኝ ብዬ ነበር የለመንኩት፣ ይኸው ተረጋጋ። ትናንት እኔው ራሴ "ጓድ፣ ጓድ" እያልኩ ለመንኩት። አልተነሣም። ሙሴውን ጠይቅልኝ። የሚያስተኛው ቃል እንዳለ የሚያስነሣው ቃል ይኖራል።

እትዬህ ማዘንጊያ


ጅቡቲ፣ የካቲት 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

እትዬ፤

ምርቃት አላውቅም ዛሬ። ዋበሪ ደብዳቤዎን ሰጥቶኝ ደጅ ቁሞ ጠበቀኝ፣ ተቀምጦ ሊያየኝ አልፈለገም። ይህንንም እሱ ያመጣልዎታል።

ከስብሰባው ሰባት ሰዎች ውስጥ አንዱ እኔ ነበርኩ። እርስዎም ያውቁ ነበር፣ አንድ ቀን ግን አላነሡብኝም። ወደ ጅቡቲ ተዛውሬ የመጣሁት ጋሼ በተያዙ በአሥረኛው ቀን ነው። እኔ እዚህ እየበላሁና እየቀለድኩ የኖርኩት እሳቸው እዚያ ዝም ስላሉ ነው። "ሥራው በዝቷል" ብዬ የጻፍኩልዎት ውሸት ነው፤ ድሬ ጣቢያ ላይ ስወርድ የሚሆነውን ስለምፈራ ነው። ፈሪ ነኝ እትዬ። በእጄ ጽፌ ልስጥዎት፣ ሌላ የምሰጥዎት የለኝም።

ሙሴ ፊሊክስ ዘንድ ሄድኩ። መርከባቸው ነገ ነው። የሚያስነሣውን ቃል ንገሩኝ አልኳቸው። "ቃል የለውም" አሉኝ። ሌላ ሰው ቃሉን ሰምቶ እንዳያስነሣው ብለው ሆን ብለው ነው ያላስተማሩት። ያስተኛው ሰው ተመልሶ መጥቶ የውሻውን ራስ በእጁ ካልነካ አይነሣም። አንድ ጊዜ እሳቸው ታመው ሆስፒታል ሲገቡ ዘጠኝ ቀን ተኝቶ ጠብቋቸዋል።

አይደብድቡት፣ አይለምኑትም። ውሃውን ብቻ ወደ አፉ ያቅርቡለት። ጋሼ መጥተው እስኪነኩት ይጠብቃል። እኔም የምጽፍልዎት ሌላ ቃል የለኝም።

በዛብህ


ቴሌግራም
ከድሬ ዳዋ ወደ ጅቡቲ፣ ሰኔ 11 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለበዛብህ። ውሻው ዛሬ ጠዋት ተነሣ። ማዘንጊያ።